ለአሰልጣኝ ክንፈ፣ ስለ ቀኝ ትከሻዬ

ለተከበሩ አሰልጣኝ ክንፈ
የጂም ቤት ባለቤትና የከተማው ትከሻዎች ሁሉ አለቃ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም ትከሻዎችዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው። በአንድ ጎጆ ዜማ ስንማር «አንተ» እልዎት ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አክብሮቴ ስለጨመረ «እርስዎ» ማለት ግድ ሆኖብኛል።

ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዲረዳኝ፣ እኔ በደብራችን ከበሮ የምመታው አስናቀው ነኝ። በጥቅምት ከደጎሎ ስመለስ ከበቅሎ ወድቄ ትከሻዬ ተጎዳ። የሐኪም ቤቷ ባለሙያ ወይዘሮ ጸደንያ ላስቲክ በር ላይ አስሬ ቀስ እያልኩ እንድስብ፣ እሷ ሳትፈቅድም ከራሴ በላይ ምንም እንዳላነሳ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩. ላስቲኩን ልሳብ፣ ትንሿን የእጅ ብረት፣ ደምቤሏን፣ በጎን ላንሳ ወይስ በሁለት እጅ የሚነሳውን ረጅም ብረት፣ ባርቤሉን፣ ብዬ ብጠይቅዎ፣ ወረቀቱን ሳያነቡ አጥፈው ኪሴ ውስጥ ስለከተቱልኝ አመሰግናለሁ። «ላስቲክ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ አስኔ፣ እኔን እመነኝ» አሉኝ። አመንኩዎ።

፪. ባርቤሉን ከራሴ በላይ እንድገፋ የመረጡልኝ ለትከሻዬ አዝነው መስሎኝ ነበር። ለካ በዚያ ቀን የጂሙን ማስታወቂያ የሚቀርጽ ሰው መጥቶ ኖሮ፣ ለቪዲዮ የሚያምረው ባርቤሉ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስገፋው ትከሻዬ ውስጥ አንዳች ነገር ቷ ሲል ሰማሁ። እርስዎም ቀራጩን «ይቺን ቁረጣት» ሲሉት ሰማሁ። ቆርጧታል፤ በቪዲዮው ለሁለተኛ ጊዜ ስገፋ ፈገግ ብዬ እታያለሁ።

፫. ይህ ሁሉ ባልከፋኝ። ብረት ብረት ነው፣ ሰውም ይሳሳታል። ነገር ግን በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ እኔ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ መቀመጤን ሳያዩ፣ «አስናቀው ነግሬው እምቢ ብሎ በገዛ እጁ ነው የተጎዳው» ብለው ለሰው አስረዱልኝ። ከፊቴ የተቀመጠው የእድራችን አባል አቶ ይሄነው ዞር ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። እኔም አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት እርስዎ ራስዎ ያስተካክሉታል ብዬ እየጠበቅሁ ይሆናል።

በጥምቀት ከበሮውን ሌላ ሰው መታው። እኔ በግራ እጄ መቋሚያ ይዤ ከዳር ቆምኩ። እርስዎ ነጠላዎን አስተካክለው በፊቴ ሲያልፉ ወደ ሰማይ ተመለከቱ።

ዛሬ ወደ ወይዘሮ ጸደንያ ላስቲክ ተመልሻለሁ፤ እጄ እስከ ጆሮዬ ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ ገና ነው። ከእርስዎ ካሳ አልፈልግም። በዚያው እድር፣ በዚያው ሰው ፊት፣ የሆነውን እንደሆነ ይናገሩልኝ። ሸክሙ ቀላል ነው፤ የሰውነት ማሟሟቂያ እንኳ አይፈልግም።

ብርታትዎ አይጉደል፣ መስታወትዎም አይሰበር እያልኩ፣ በታላቅ ትሕትና በግራ እጄ የፈረምኩ፣

አስናቀው

ማስታወሻ፦ እናትዎ እማማ ዓባይነሽ ባለፈው እሑድ ከገጠር ድረስ በእግራቸው መጥተው ጠየቁኝ። ማንም ሳይነግራቸው አውቀው፣ ስለ እርስዎ ይቅርታ ለመኑኝ። እርሳቸውን ይቅር ብያለሁ።