የወናፉ ቀይ ክር

ይድረስ ለአበራዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። እኔም ደህና ነኝ ብል እዋሻለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥቻለሁ፤ እሱን ካደረስኩ በኋላ ነገሩ ሁሉ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለለኝም። ይህን የምጽፍልህ አንድም ልናዘዝልህ፣ አንድም ልቆጣህ ነው። ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

ዳዊት ቤት የለም። ዙሪያ ጥምጥም ስለማልችልበት ከዚሁ ልጀምር። ልጃችንን ከዳቦ ሰልፍ ላይ አፈሱት። አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ወሩ ነበር። ጠዋት ከረጢቱን ይዞ ወጣ፤ ረፋዱ ላይ ከረጢቱን ጎረቤት ባዶውን አመጣችልኝ። ጭነት መኪና መጥቶ ቁመቱ የደረሰውን ሁሉ ጭኖ ሄደ አለችኝ። ቁመቱን ካንተ ነው የወሰደው። እንደኔ ድንክ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እዚህ ተቀምጦ ሻዩ ስኳር አነሰው እያለ ይነዘንዘኝ ነበር።

አራት ቀን ማሠልጠኛው በር ላይ ተመላለስኩ። የሚሰማኝ አጣሁ። በአምስተኛው ቀን ሻለቃው ትዝ አለኝ። ታውቀዋለህ፤ ድሮ መኪና ስታሽቀዳድም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይህ የነበረው፣ ያኔ ገና መቶ አለቃ ሳለ ጋራዣችን እየመጣ ቀይዋን መኪናህን በመዳፉ የሚዳብሳት ሰው። አሁን የምልምሎቹ ስም በእጁ ነው የሚያልፈው። እግሩ ላይ ልወድቅ ሄጄ ነበር፤ አላስወደቀኝም። ወንበር ሰጠኝና፣ «ወይዘሮ የሺ፣ ያቺ ቀይ መኪና አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። «ወናፉስ ይሠራል?» አለኝ።

አየህ፣ ያወጣህለት ስም እሱ ዘንድ እንኳ አልጠፋም። የአክስትህ ልጅ ከውጭ ሲያመጣልህ ሱፐርቻርጀር ነበር የሚባለው። አንተ ግን ሣጥኑን ከፍተህ አገላብጠህ ካየኸው በኋላ፣ ቀጥቃጩ አያቴ ከሰሉን ከሚያነድበት ወናፍ በምን ይለያል ብለህ ስሙን ቀየርከው። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፣ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ሞተሩም ካቅሙ በላይ ይሮጣል። ሰው አያቱ ቀጥቃጭ መሆኑን በሚደብቅበት አገር አንተ መኪናህ ላይ ገጥመህ ትኮራበት ነበር። ለዚህም ነው የወደድኩህ።

ሻለቃው አሥር ቀን ሰጠኝ። መኪናዋን እንደ ድሮው የምትበር አድርገሽ ስጪኝ፣ እኔ ደግሞ የልጅዎን ስም እሰርዛለሁ አለ፤ አንዴ አንቺ አንዴ እርስዎ እያለኝ። ዳዊትን በመኪና ልለውጠው ተስማማሁ። ቢጠይቀኝ ቤቱንም፣ ዓይኔንም እሰጠው ነበር።

አበራዬ፣ በመኪናዋ ላይ የእኔ ድርሻ ምን እንደነበር ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ጆሮህ ከደከመ ጀምሮ አንተ እጅ፣ እኔ ጆሮ ነበርን። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ አውራ ጣቴን ሳነሳ ትጨምራለህ፣ መዳፌን ስዘረጋ ትቀንሳለህ። ሰፈሩ ሴት ልጅ መኪና ሆድ ውስጥ ምን ጠፍቷት ነው እያለ ሲያማኝ አንተ «ጆሮዬ» እያልክ ትጠራኝ ነበር። አሁን ጆሮው ብቻውን ቀርቷል። ካቻቢቴውን በትከሻዬና በጉንጬ መሃል ይዤ፣ በሁለት እጄ ሠራሁ። ጉንጬ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል፤ አልሻረም።

በኩፖን በሚሰጥ ቤንዚን ወናፍ አይመገብም ብለህ ቺንጋውን ፈትተህ እንደነበር ታስታውሳለህ። የፈታኸው ቺንጋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከተማውን ሁሉ ዞሬ የሚሆን አጣሁ። መጨረሻ ላይ የገርጂው ወፍጮ ቤት አሮጌ ቺንጋ ሰጡኝ፤ ዱቄቱን አራግፌ ሳስረው ልክክ አለ። ለቀናት ሞተሩ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ቤት ይሸት ነበር።

ወናፉ ዞረ፣ ግን አልገፋም። የግፊት ቆጣሪው መርፌ ብድግ ይልና ተመልሶ ይወድቃል። የሆነ ቦታ እንደሚያፈስ ገባኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጆሮዬ አልለየውም፣ ቺንጋው ይጮህብኛል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ መግቢያውን በጨርቅ ወተፍኩ፣ የሳሙና አረፋ ዙሪያውን ቀባሁና በጎማ መንፊያ ነፋሁት። ከወናፉ ሥር፣ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት በኩል አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ቡፍ ቡፍ አለ። አየር እንዳያፈስ መሃሉ የሚገባው ወረቀት ተበልቷል። ሌላ አልነበረኝም። የዳዊትን የሒሳብ ደብተር ጠንካራ ሽፋን በመቀስ ቆርጬ፣ ግራሶ ቀብቼ ገጠምኩት። ስሙ የተጻፈበትን በኩል ወደ ውስጥ አደረግሁት።

መርፌው ብድግ ብሎ ሳይወድቅ ቆመ። ያን ቀን ብቻዬን ጋራዡ ውስጥ እልል አልኩ።

ከዚያ ማንኳኳቱ መጣ። ኮተቤ ዳገት ላይ ነዳጁን ስረግጠው ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናጥ ይንጣጣል። እሳቱ ዘግየት እንዲል የዲስትሪቡተሩን አፍ በጥቂቱ ወደኋላ መለስኩት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት፤ ነጭ። ካንዴላ የገብስ ቆሎ መስሎ መውጣት አለበት፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን ተርቧል፣ ጥቁር ከሆነ ጠግቧል ትል ነበር። ስለዚህ የከረሜላ ቆርቆሮህን አወጣሁ። ጂግለሮቹ፣ እነዚያ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ባለቀዳዳ ትንንሽ ነሐሶች፣ አሁንም እንዳሰርካቸው በየክራቸው አሉ፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መኪናዋ ላይ ያለው ነጩ ነበር፤ እሱ ወናፉ ለማይሠራበት ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀዳዳው የሰፋው ቀዩ ነው፤ የሰፋ ይሻላል ብዬ እሱን ገጠምኩ። ቦሌ መንገድን በጥቁር ጭስ ሞላሁት፣ መኪናዋም ታንቃ ልትቆም ምንም አልቀራት። ካንዴላው ከሰል ሆኖ ወጣ። ቢጫውን ስገጥም ግን፣ አበራዬ፣ ኮተቤን ምን ብዬ ልንገርህ? መርፌው ሳይነቃነቅ፣ አንዲት ጠጠር ሳትንጣጣ ወጣነው። ካንዴላው የገብስ ቆሎ ሆነ። ያለኝ ቤንዚን ያቺን ዳገት ካወጣኝ በኋላ ሊያልቅ ነበር። ቀዩን ያኔ ተሳስቶ የገዛው ይሆናል ብዬ መልሼ ቆርቆሮው ውስጥ ወረወርኩት። አንተን ተሳስቷል አልኩህ።

ሻለቃው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ከቤታችን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ነዳት፤ ሲመለስ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስሙን እሰርዛለሁ አለኝ፣ ዛሬ ግን ጓደኞቼ ዘንድ ወጣ ብዬ ላሳያት። እኔም በኩራት አፌን ከፈትኩ። ድሬዳዋም ድረስ ቢሆን ታደርስዎታለች አልኩት። ይቺ ምላሴ ያኔ ብትቆረጥ ኖሮ።

ወደ አዋሽ ነበር የሄደው። መተሐራን እንዳለፈ ሞተሩ ተንጣጣ፣ ተንጣጣ፣ ከዚያ በነጭ ጭስ ቀጥ አለ። ሰኞ ጠዋት ጎትተው አምጥተው በራችን ላይ ጣሏት። ያን ዕለት እርስዎ ቀረ። «አንቺ አሻጥረኛ» አለኝ ሰው ፊት። በዚህ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ። ሦስት ቀን ቀበሌ አሰሩኝ። አሻጥር አይደለም፣ ልጄን ልቀበልበት የሠራሁትን መኪና ለምን አበላሻለሁ ብዬ እየማልኩ ጮህኩ። ማንም አልተከራከረኝም፣ ማንም አልሰማኝም። ሲለቁኝ ምልምሎቹ ከሄዱ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ወደ ሰሜን ነው ያሉኝ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ እንደነበረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አላስታውሰውም። ጋራዡን አጋምሰው የቀበሌው ሱቅ ዕቃ ማከማቻ አደረጉት፤ ያን እንኳ አንድ ሳምንት ቆይቼ ነው ልብ ያልኩት። ሞተሩን የፈታሁት የጥፋቴን ዓይነት ለማወቅ ብቻ ነው። የአንዱ ፒስተን አናት መሃሉ ቀልጦ ተበስቷል፤ ጣቴ ያልፋል። ካንዴላው ነጭ፣ ጫፉ የቀለጠ። ርሃብ። ኮተቤ ላይ ልክ የነበረች መኪና መተሐራ ላይ በምን ተራበች? ቆርቆሮህን ይዤ ተቀመጥኩ። ክዳኑን የሸፈነው የድሮ ግራሶ እጄን ሲያቆሽሸኝ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ከሥሩ በእርሳስ የጻፍከው አለ። ነጭ፣ ያለ ወናፍ። ቢጫ፣ አዲስ አበባ። ቀይ፣ ከሞጆ ወዲያ።

ያኔ ሁሉም መጣልኝ። ሶደሬ በሄድን ቁጥር ሞጆ ላይ ትቆም ነበር። ዳዊት ኋላ ተኝቶ፣ አንተ ከዛፉ ሥር አቁመህ፣ «ጆሮዬ፣ አንቺ እግርሽን አፍታቺ» ትለኝ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ የእኔ ሥራ ያልቃላ። ሐብሐብ ልመርጥ እሄዳለሁ፣ ከሻጮቹ ጋር ስከራከር እቆያለሁ፣ ስመለስ ኮፈኑን ዘግተህ እጅህን ስትጠርግ አገኝሃለሁ። ሞተሩን እያበረድክ ነበር የሚመስለኝ። የላይኛው አገር አየር ስስ ነው፣ ወደ ቆላ ሲወርዱ ይወፍራል፣ የወፈረ አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ይህን ያህል ዓመት አብሬህ ሞተር ሳዳምጥ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ለምን አልነገርከኝም? እኔስ ለምን አልጠየቅኩህም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ሰው መኪና አቁሞ ኮፈን ከከፈተ አንድ ነገር እየሠራ ነው፤ ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ቀን አንተን እወቅሳለሁ። ክዳን ላይ ከምትጽፈው አፍህን ከፍተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ልጄን የላከው የእኔ ምላስ ነው እላለሁ። አውሮፕላን ወደ ሰሜን ሲያልፍ ግቢው መሃል ቆሜ ቀና እላለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

አሁን ጽፌ እንድቀመጥ ያደረገኝን ልንገርህ። ትናንት አንዲት ማሠልጠኛው በር ላይ ስንቅ ስታመላልስ የማውቃት እናት ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። የእሷ ልጅ ሲሄድ ከሰጣት ዕቃ ውስጥ ተጣጥፋ ያገኘቻት ናት። የዳዊት ጽሕፈት ነው። ከመጫኑ በፊት የጻፈው መሆን አለበት። ሌላ ምንም የለበትም፤ «እማዬ፣ መኪናዋ ሠራች?» ይላል።

አየህ፣ በስንቅ አመላላሾቹ በኩል ሰምቶ ነበር። ሰኞን እየጠበቀ ነበር። የሚላክበት አድራሻ የለውም፣ መልስ ልጽፍለት አልችልም። አድራሻ የማያስፈልገው አንተ ብቻ ስለሆንክ ነው ለአንተ የጻፍኩት።

የሚሆን ፒስተን ከአሮጌ ብረት መሃል አግኝቻለሁ፤ እየገጠምኩ ነው። የይለፍ ወረቀት ማን እንደሚሰጠኝ አላውቅም፣ ቤንዚኑንም ከየት እንደማመጣ አላውቅም፣ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። በሰሜኑ መንገድ ላይ ያለው ሸዋ ሮቢት ቆላ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ቃሌ ይህ ነው፣ አበራዬ፤ ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ አቆማለሁ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ ቀዩን ክር በእጄ እፈታለሁ። ሐብሐብ ልመርጥ አልሄድም። ሞተር ሲጮህ ሳዳምጥህ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ዝም ስትልም ካጠገብህ አልርቅም።

ልጃችንን ካገኘሁት የጠየቀኝን እመልስለታለሁ። ሠርታ ነበር እለዋለሁ፣ እስከ ሞጆ።

ጆሮህ፣ የሺ