አራት ጣት ከጉልበት በታች

መጋቢት 4
ዝናብ። ቦዩ ሞልቷል። መርፌ ሕክምና ቤታችን ውስጥ አንሶላ ቀየርኩ፣ ወለል ጠረግኩ፣ ከዚያ ጥጥ ወጋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ በጥጥ ኳስ ላይ! ጥጥ ደግሞ አይድን፣ አያመሰግን...

መምህር ቺዩ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ "የጨጓራ መስመር ከየት ይነሳል?"
"ከዓይን ሥር።"
"የት ያልቃል?"
"ሁለተኛው የእግር ጣት ላይ።"
"ሥራውስ?"
"ቺ የሚባለውን የሰውነት ኃይል ተሸክሞ ይወርዳል። ሆድ ላይ ሲታገድ እግር ላይ እንከፍትለታለን።"
ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ልክ ነኝ ማለት ነው። ሰው የምወጋው መቼ ነው ልል ብዬ... ፈራሁ።

መጋቢት 9
ተፈቀደልኝ! ነገ እትዬ ፋንግን፣ ማዶ ያሉትን ኑድል ሻጭ። ሆዳቸው ተነፍቷል። "ካበላሸሽ ግን ወደ ጥጥሽ!" ተብያለሁ።

መጋቢት 10
ወይ ማፈር!

ነጥቡ ከጉልበት በታች አራት ጣት ነው። ይሄን ማን ያጣዋል? አራት ጣቴን ገጠምኩ፣ ለካሁ፣ መርፌ አነሳሁ።
"ቁሚ!" አሉ መምህር። "ጣቱ የማን ነው?"
"የኔ..."
"እግሩስ?"
እትዬ ፋንግ ደረቴ ላይ ነው የሚደርሱት። የኔን እጅ ደግሞ እናቴ አካፋ ነው የምትለው። ነጥቡን አልፌ ወርጃለኋ!
"መስመሩ የሷ ነው፣ መለኪያውም የሷ ጣት! ስንቴ ልንገርሽ?"
እትዬ ፋንግ በሳቅ ፈረሱ። "ተዋት ባክህ ቺዩ! በዚህች ልጅ ጣት ከሆነማ ቁርጭምጭሚቴ ደርሳለች።"
መምህር ራሳቸው ወጓቸው። እኔ... አለቀስኩ፣ ትንሽ።

መጋቢት 11
ጥጥ።

መጋቢት 17
ያልለካሁት ሰው የለም። አማቴን በአማቴ ጣት፣ ባሌን በባሌ ጣት። "ሴትዮ፣ ሱሪዬን ልልበስ?" ይለኛል።

ኑድል ልገዛ ስሄድ እትዬ ፋንግ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "በይ ለኪ፣ ኑድሉ አያመልጥሽም።" ሰልፉ ሁሉ እያየ ለካሁ። ምን አገባኝ!

መጋቢት 23
ጠዋት ስገባ መምህር የበሽተኛው አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ክው አልኩ።
"ምን ሆኑ?"
"ሆዴ። ትናንት የፋንግን ኑድል ሦስት ሳህን በላሁ።"
"ሰው ልጥራ?"
"አንቺ ሰው አይደለሽም?"

ሱሪያቸውን ሰበሰቡና አራት ጣታቸውን ገጥመው እጃቸውን ሰጡኝ። ያ ስሳሳት እጄን ቸብ የሚያደርገኝ እጅ... እንዲህ መክሳቱን አላውቅም ነበር። ከጉልበታቸው በታች አኖርኩት፣ ለካሁ፣ ወጋሁ። መርፌውን ቀስ ብዬ አዞርኩት።

"ቺው መጣ?"
ዓይናቸውን ጨፍነዋል። "መጣ። የእግሬ ጣት ደርሷል።" ከዚያ፣ "ዩሊየን፣ በር ተንኳኳ። አንቺ ተቀበይ፤ ዛሬ እኔ በሽተኛ ነኝ።"
"ብቻዬን?"
ዝም አሉ።

ከፈትኩ። በሩን የሚያክል ሰውዬ፣ ሆዱን ይዞ ቆሟል።
"ይግቡ" አልኩት። "እጅዎን ያውሱኝ።"