በድሮው ልክ የተሠራው ሞተር ሳይክል

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለፍሬኔ፤

እንደምን ከርመሻል? አንቺስ፣ ሳልሽስ፣ ያ ፀሐይ የማያየው ክፍልሽስ እንደምን ከርመዋል? ሳሉ ለቆሽ ሄደ ወይስ ኪራይ ሳይከፍል አብሮሽ ይኖራል? ባልሽስ ደህና ነው? ዛሬም ብስክሌት ሲያይ ወደ ግድግዳ ይጠጋል? ትንሿ እመቤትስ ጥርስ አበቀለች? ካበቀለች መጀመሪያ ማንን እንደነከሰች ጻፊልኝ፤ እኔን መምሰሏንና አለመምሰሏን በዚያ አውቃለሁ።

እኛ ሁላችን አለን። ወገቤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዘይት እንዳላየ ማጠፊያ ይንቋቋል፤ ከዚያ በቀር ምንም አልሆንኩም። እናትሽ ደህና ናት፤ እኔን ለመቆጣት የሚበቃ ትንፋሽ ካላት ጤነኛ ናት ማለት ነው፣ ትንፋሹም ተርፏታል። አባትሽን ከሰላምታው ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም። ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች የእሱ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ጽፈሽልኝ ነበር፤ «አጎቴ፣ በሞቴ ያንን ሞተር ሽጠው። አባዬ ሲያየው ይታመማል፤ ከወጣበት ደግሞ ይሞታል» ብለሽ። ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነሽ። ልክ የሆነ ሰው ግን ለመታዘዝ አይመችም። አልሸጥኩትም። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ክፍሉን አንዴ ዞረሽ፣ እኔን በሆድሽ ሰድበሽ ተመለሺ። በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው፤ በስልክ ከመሐል ትቆርጪኛለሽ። ፍሬን ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኮ ገና በልጅነትሽ ነው፤ አባትሽ ከፊቱ ታንኩ ላይ አስቀምጦሽ በግቢው ሲዞር «ቀስ፣ ቀስ» እያልሽ ጺሙን ትጎትቺ ነበር። ወረቀት ጺም የለውም።

የአባትሽን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ። ስትሮኩ ከመታው በኋላ እግሩ ተመልሷል፤ ሲደክመው ብቻ ትንሽ ይጎትተዋል። አንደበቱም ተመልሷል፤ ይህን ያወቅነው እናትሽን «ጨው በዝቷል» ያላት ቀን ነው። የዚያን ዕለት በደስታ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ በጨው ጉዳይ አላለቀሰችም። ያልተመለሰው ግራ እጁ ነው። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ጉልበት ግን የላቸውም። አውቶቡስ መንዳቱ ቀረ፤ እሱን እንደ ወንድ ቻለው። እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ማዕድ ላይ እንኳ አያወጣውም፤ እናትሽ ወደዚያ ካየች ወንበሩን ያዞራል። የሐኪም ቤቷ ሴት እንዲጨብጣት የሰጠችውን የጎማ ኳስ ለጎረቤት ውሻ ወረወራት። ውሻው በጣም ተሽሎታል።

ቤታችሁ ከጋራዤ በላይ መሆኑ ድሮ ለሁላችንም ደስታ ነበር። አሁን ግን ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት አጠገብ የነበረውን ወንበሩን አንስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረገው። እኔንም ጠርቶ፣ «ያንን ነገር ሸፍንልኝ፤ ዓይኔ እንዳያየው» አለኝ። ሸፈንኩት። ሲውል ሲያድር፣ ፍሬኔ፣ ሰው ተቀምጦም እንደሚያልቅ አየሁ። አንቺ መንገድ ላይ እንዳይሞትብሽ ፈራሽ፤ እኔ ደግሞ ወንበሩ ላይ እንዳይሞትብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ እናትሽን፣ «እየፈታሁ በየዕቃው ልሸጠው ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር፤ ፈትቼዋለሁ። መቼም ሞተሩን ታውቂዋለሽ፣ የእሽቅድምድም ነው። መሪው የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ አናት ዝቅ ብሎ የተያዘ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ የተሰቀለ። የሚነዳው ሰው አልጋ ሥር የጠፋ ጫማ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎንበስ ያለን ሰው ነፋስ አያገኘውም፣ ክብደቱም ወደ ፊት ስለሚሄድ ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬቱን አይለቅም። አራቱ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ እስኪጮኹ ካልዞሩ ጉልበታቸውን አይሰጡም። ሆዱ ውስጥ ደግሞ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ አለች፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደተጋደመ እያወቀች፣ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ጉልበቱን ትቀንስበታለች። እኔ የተማርኩት ከተበላሹ ሞተሮች ነው፤ እሷን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ብቻ ከእናትሽ ቀጥሎ ነገር ከመድረሱ በፊት የሚያውቅ እንደ እሷ አላየሁም።

ለታመመ ሰው ግን ይህ አሠራር ሁሉ ጠላት ነው። በክንዱ ላይ መደገፍ አለበት፤ በግራ እጁም ማርሽ ሊቀይር ሲል ፍሪሲዮኑን መጭመቅ አለበት። እኔም የሞተሩን የፕላስቲክ ልብስ አወለቅኩ። ዝቅ ያለውን መሪ አውጥቼ ሰፊና ከፍ ያለ፣ ከአንድ ቧንቧ የታጠፈ መሪ ሰጠሁት። መሪው ከፍ ሲል የፍሬኑ ቱቦ አጠረ፤ እስከ ጥግ ሳዞረው እንደ ጊታር ክር ተወጠረብኝና ረዥም ቱቦ እስኪገኝ ጠበቅሁ። መርገጫውን ወደ ፊትና ወደ ታች አወረድኩ። ሻንሲውን፣ ማለት አጽሙን፣ አልነካሁም፤ አልሙኒየም ነው፣ አንዴ በብየዳ ካሞቁት ቂም ይይዛል። ፍሪሲዮኑን ግን ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ከፍሬኑ መጭመቂያ በታች ሁለተኛ መጭመቂያ አቆምኩ፤ ሁለት ጣት ለአንዱ፣ ሁለት ጣት ለሌላው። ማርሽ እየጨመረ ሲሄድ ፍሪሲዮን እንኳ አያስፈልገውም፤ የዘመኑ ሞተር እግር ማርሹን ሲነካ ለቅጽበት እሳቱን ራሱ አቋርጦ ያሳልፈዋል። ፍሪሲዮኑ የሚፈለገው ለመነሳትና ለመቆም ነው።

የቀረው ልኩ ነበር። እዚህ ላይ ነው ብልጠቴ ጉድ የሠራኝ። ነገሩ ምስጢር ስለሆነ አባትሽን በሜትር ልለካው አልችልም። ስለዚህ ሲነዳ የሚለብሰውን የቆዳ ልብስ ከቁም ሣጥኑ ሰረቅሁ። ከጎረቤቴ ከመኪና ወንበር ሰፊው ቁርጥራጭ ስፖንጅ ለምኜ እጅጌውንም፣ እግሩንም፣ ደረቱንም ጠቀጠቅሁት። ሄልሜቱን አናቱ ላይ ደፍቼ ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቁርጥ አባትሽ። ወንበር ሰፊው በጠዋት ሲያልፍ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይለው ነበር። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ ዕቃው መቼ እንደሚደርስለት ጠይቆት መልስ ሲያጣ ተቀይሞ ሄደ።

አንድ ቀን እናትሽ ምሳዬን ይዛ ድንገት ገባች። በሩ ላይ ቀጥ አለች። ሳህኑ ይወድቃል ብዬ ሮጥኩ፤ አልወደቀም። ቀስ ብላ ተጠጋችና ያንን በስፖንጅ የተሞላ ትከሻ በመዳፏ ዳሰሰችው። «እንዲህ ሰፊ ነበር?» አለች። እኔም ሞኙ፣ «ነበር ምን ይባላል፣ ነው እንጂ» አልኳት። ሞተሩን እንዳልሸጥኩ ያኔ ገባት፤ ግን አልተቆጣችኝም። እናትሽ መቆጣት ሲገባት ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነበር። አልነቃሁም።

ሥራው አለቀ። ጋሼን ከወንበሩ ማስነሳት ቀረ። ብለምነው አይመጣም፤ እንዳልቆጣው እኔ ታናሽ ነኝ። ስለዚህ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ መከለያ ብሎን አላላሁና ሞተሩን አስነስቼ ከመስኮቱ ሥር አቆምኩት። ቅጭልጭል ይላል። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ረሃብ ይችላል፣ የላላ ብሎን አይችልም። ረፋዱን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጋዝ እሰጣለሁ። መጀመሪያ መስኮቱ ተከፈተ። ከዚያ ተዘጋ። ከዚያ ደረጃው ላይ የሚጎተት እግር ሰማሁ። «አንተ ደንቆሮ፣ ማርሚታው ላልቷል እኮ፤ ጆሮህን ለማን አበደርከው?» እያለ ወረደ።

ወርዶ አየው። አንዴ ዞረው። ሁለቱን መጭመቂያዎች በቀኝ እጁ ነካ ነካ አደረገና ዓይኔን አየኝ። «ማን ፈቀደልህ?» አለ። «ማንም» አልኩት። «ያዘው እንግዲህ» አለና እግሩን አሻግሮ ወጣበት። እናትሽም ከኋላው ተከትላ ወርዳ ነበር።

እግሩ መሬት አልደረሰም። የጫማው ጫፍ ብቻ ይነካል። መሪውን ለመያዝ ከወገቡ ተንጠራራ። የድሮው አባትሽ ሲቀመጥበት ሞላው ዝቅ ብሎ ይቀበለው ነበር፤ የአሁኑ ሲቀመጥበት ሞላው ሰው የወጣበት አልመሰለውም። እንዲህ ቀሏል፣ ፍሬኔ። በየቀኑ ሳየው አላየሁትም ነበር። ሞተሩ ዘመም ሲል እኔና እናትሽ ይዘን አቃናነው። «ይህን የሠራኸው ለማን ነው?» አለኝ። «ለአንተ» አልኩት። «ለእኔ አይደለም፤ ከመታመሜ በፊት ለነበረው ሰውዬ ነው» አለ። ዞር ሲል ያ በስፖንጅ የተነፋው ልብስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ የትም አልገባ ብሎኝ ነው። ጋሼ ትኩር ብሎ አየው። ወንድሜን ከመሸሸጊያው አውጥቼ በገዛ እጄ ያዋረድኩት መሰለኝ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ስጠጋ ለካ እየሳቀ ነው። «ይህን ሰውዬ ምን ስታበላው ከረምክ?» አለኝ።

ከዚያም «ሜትር አምጣ» አለ። አመጣሁ። ጭኑን ለካሁ፣ ጀርባውን ለካሁ፣ ቀኝ ክንዱን ለካሁ። ግራውን ለመጠየቅ አፌ እምቢ አለኝ። ራሱ ከኪሱ አወጣው። የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሁሉ በቀኝ እጁ ደግፎ ዘረጋልኝና፣ «ይህንንም ለካ፤ መሪ ሁለት ጎን አለው» አለኝ። የሜትሩን ሌላ ጫፍ እናትሽ ያዘች።

እንደገና ፈታሁት፤ በዚህኛው ግን አለቃ ነበረኝ። ያንን ወንበሩን አስወርዶ ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያዝዘኛል። የኋላውን ሞላ በለስላሳ ለወጥን፤ ኋላው ዝቅ ሲል መሪው እንዳይሰንፍ የፊቱንም ሹካ በማሰሪያው ውስጥ አንሸራተን ዝቅ አደረግነው። ወንበር ሰፊው መቀመጫውን ሸርሽሮ አሳነሰ። መሪውን ወደ ደረቱ አቀረብን። የሞተሩ ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ ብዬ ብነግረው፣ «መቼ እንደምነሳ የምትወስንልኝ ሚስት አለችኝ፤ ሁለተኛ አልፈልግም» አለኝ። ጭራውን ቆርጬ ለአንድ ሰው ብቻ ላደርገው ነበር፤ እንደሱ ነው የሚያምረው። የእናትሽ ቦታ ነው ብሎ ከለከለኝ። እናትሽም «እኔ እዚያ ላይ ሞቼ ነው የምወጣው» አለች። ቦታው ግን አልተቆረጠም።

የአውቶቡሶቹ ማደሪያ በዕረፍት ቀን ባዶ ስለሚሆን የድሮ ባልደረቦቹ በሩን ከፈቱልን። ሁለቱም መጭመቂያ በአንድ እጅ ሲሆን ነገር ይደባለቃል፤ ፍሪሲዮን ልልቀቅ ሲል ፍሬኑን ይይዝና ሞተሩ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር፣ «ይህ ሰውዬ ሕዝብ ጭኖ ይነዳ ነበር ቢባል ማን ያምናል?» እለዋለሁ። «አንተን ጫማ ማሰር ያስተማረህ እሱ ነው ቢባልስ ማን ያምናል?» ይለኛል። በመጨረሻ ተነሳ። በአንደኛ ማርሽ የግቢውን አጥር ተከትሎ ቀስ ብሎ ዞረ። ተመልሶ ሲቆም የተናገረው ስለ ሰንሰለቱ ብቻ ነበር፤ ሳይላላ አይቀርም፣ ልሞክረው አለ። አልላላም። እንደገና መዞር ፈልጎ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም አየን። መሬቱ ጎርበጥ ሲል ግራ እጁ ከመሪው ይንሸራተታል። መጭመቅ ባይጠበቅበትም አለመልቀቅ አለበት። ያኔ ያንቺን ጥያቄ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ልጄ ልክ ናት» አለ። «ይህ እጅ መሪ እስኪይዝ ከግቢ አልወጣም። ሐኪሙ ቢፈቅድልኝም እሷ እሺ ካላለች አልወጣም። ሽጡት ካለች ትሸጠዋለህ። ጻፍላት፤ ደግሞ እንዳትዋሻት።» ይኸው ጻፍኩ፤ ይኸው አልዋሸሁም፤ ለእኔ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ከአሮጌው መሪ የወለቀውን የጎማ መያዣ ሰጥቼዋለሁ። ራዲዮ ሲያዳምጥ በግራው ይዞ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይጨብጣል። የሐኪም ቤቷ ሴት ገርሟት፣ «የእኔ ኳስ ምን ጎድሏት ነበር?» ብትለኝ፣ «ኳስ የትም አታደርስም» አልኳት።

እንግዲህ ቃሉ ያንቺ ነው። እሺ በይ ብዬ አልለማመጥሽም። ሽጥ ካልሽኝ እሸጠዋለሁ፤ ሳኮርፍ ግን እከርማለሁ። የምለምንሽ መልሱን ለእኔ እንዳትጽፊው ነው። ለእሱ ንገሪው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ብስክሌት አይናከስም በይው። የትንሿን እመቤት ጉንጭ ሳሚልኝ፣ ጥርሷን እየተጠነቀቅሽ። ወንበር ሰፊው ሰላም ብሎሻል፤ ያንን የስፖንጅ ሰውዬ ወስዶ ሱቁ በር ላይ አስቀምጦታል፣ ደንበኛ ይጠራለታል። እናትሽ «አንገቷን ትሸፍን፣ ቀዝቃዛ አትጠጣ በላት» እያለች ከኋላዬ ቆማለች፤ ይኸው ጻፍኩት፣ አሁን ትሄድ ይሆናል። አባትሽ ናፍቆቱን ልኮልሻል። ስትደውዪ ስልኩ ቶሎ ካልተነሳ እንዳትዘጊው። በግራ እጁ ነው የሚያነሳው።

አናዳጁ አጎትሽ
ከጋራዡ፣ ከደረጃው ሥር
ግንቦት ፲፰ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ