ጭስ ባታይ አትደንግጥ

ውድ ወንድሜ፣

ወገብህ እንዴት ሰነበተ? ነጯ ላምህስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ቤትህ ከወጥ ቤቴ መስኮት እየታየኝ ደብዳቤ በፖስታ መላኬ ሳያስቅህ አይቀርም። ምን ላድርግ? በርህ ድረስ ብመጣ አትከፍትልኝም፤ እሑድ ቅዳሴ ላይም ወንበር ቀየርክብኝ።

መንግሥት ተራውን ሰው በዕጣ ሰብስቦ፣ ከረግረጉ ቆርጠን አድርቀን የምናነደው ጓል ይከልከል ወይስ ይቀጥል ብሎ ሊያወያይ ስሜ የወጣ ጊዜ፣ ከኔ ይልቅ የተደሰትከው አንተ ነበርክ። ባቡር ጣቢያ አድርሰኸኝ፣ "ሂጂና ንገሪያቸው፤ እነዚያ ደብሊኖች ረግረግ የሚያውቁት በፎቶ ነው" አልከኝ። እመነኝ፣ ነገርኳቸው።

ስብሰባው በተካሄደበት የአትሎን ከተማ ሆቴል ውስጥ ያስቀመጡኝ ፊያክራ ከሚባል የደብሊን አውቶቡስ ሹፌር ጎን ነበር። ጓላችንን ሊያስከለክል የመጣ ነውና መጀመሪያ ፊቱን ማየትም አላሻኝም። የምታወያየን ሴትዮ ግን አንድ ደንብ ነበራት፤ የራስህን ከመናገርህ በፊት የባላጋራህን ሐሳብ፣ እሱ "አዎ፣ ይኸው ነው" እስኪልህ ድረስ ትናገርለታለህ። ሻያችን እየቀዘቀዘ እኔ የፊያክራን ተናገርኩ። ትንሿ ልጁ ሳንባዋን ታማለች፤ ሰፈሩ ምድጃ ሲለኩስ መስኮት ተዘግቶባት እያፏጨች ነው የምትተነፍሰው። እየተሳሳትኩ ደጋግሞ አረመኝ። በመጨረሻ "አዎ፣ ይኸው ነው" ሲለኝ እንባዬ መጣ።

እሱም የኔን ተናገረ፤ ያንተን ማለቴ ነው። በአባታችን መቁረጫ ጎንበስ ብለህ ስትቆርጥ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ከራስህ በፊት የኔን ድርሻ ከቤቴ ጥግ ስትከምርልኝ፣ ቆሞ ያየህ ይመስል ነበር።

በምስጢር ድምፅ ሰጥተን ስንወጣ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ ይቀጥል አልኩ። ወንድምዎን እሳት ልነሳቸው አልቻልኩም" አለኝ።

"እኔ ደግሞ ይከልከል አልኩ" አልኩት።

 ስመለስ በርህ ድረስ የመጣሁት ይህን ልነግርህ ነበር፤ አንድ የደብሊን ሰው ስላንተ ብሎ ሐሳቡን መቀየሩን። አንተ ግን እኔ ይከልከል ማለቴን እንደሰማህ ልትዘጋብኝ በሩን ያዝክ።

"ማንም ሳያይሽ ነው እኮ የከዳሽኝ" አልከኝ።

እውነትህን ነው፣ ማንም አላየኝም። ልዋሽህ እችል ነበር፤ አንተን ግን መዋሸት አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። የሚያናድደኝ ሰው እንኳ አጣሁ፤ ራዲዮኑን ነው የምሰድበው።

ጠዋት ጠዋት ላሞችህን ከማለብህ በፊት ጭስ ማውጫዬን እንደምታይ አውቃለሁ። ጭስ ካለ፣ አለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ይከልከል ያልኩት እኔው፣ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ አንድ ጓል እለኩሳለሁ፤ ለሙቀቱ ብዬ አይደለም። አምና የከመርክልኝ አለቀ፤ ዘንድሮ ጥጉ ባዶ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጭስ አይኖርም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቻለሁ፤ ጭስ ባታይ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ፣ ከብትህን ይባርክልህ፣ ክረምቱን በጤና ያሻግርህ።

ከደነገጥክ ግን፣ በሩን አልቆልፍም።

ታላቅ እህትህ