ባዶውን የወረደው ድስት

ለተከበሩ ሱብሒ ነእማኒ፣
በቤይሩት የኸሩባ ሰፈር ሹምና ሙኽታር፣ የማኅተም ባለቤት፣ የመልካም ምግባር ጠባቂ፤

ጉዳዩ፦ ከሁሉ አስቀድሜ እንድፈርምበት በቅርጫት የላኩልኝን አቤቱታ ያልፈረምኩበትን ምክንያት በአደባባይ ስለ ማስረዳት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ማኅተምዎንም በደረቅ ቦታ እንዲያገኛቸው ምኞቴ ነው። በተለይ ጉልበትዎ እንደምን ከርሟል? መብራት ጠፍቶ የሕንፃዎቻችን አሳንሰር ሁሉ ከቆመ ወዲህ፣ ካለፈው ሐሙስ በስተቀር፣ ደረጃ ሲወጡ ያየዎት ሰው ስለሌለ፣ በሰፈራችን ካሉት ጉልበቶች ሁሉ የእርስዎ ያልተነካና ያልደከመ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ፈጣሪ እንዲሁ እንደተከበረ ያቆይልዎ። ወደ ሐሙሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ያህል፣ እኔ ሙኒፍ ዳዑቅ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት የአረብኛ ቋንቋና ሥነ ምግባር ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እርስዎም ከተማሪዎቼ አንዱ ስለነበሩ ጥብቅነቴን መዳፍዎ ያስታውሰዋል። በመስጊድ አዕማድ ሥር ተንበርክኬ የተማርኩትን ትምህርት ለዘመን ወረት ብዬ አልለወጥኩም፤ ውሸትን፣ ስንፍናንና ውለታ ቢስነትን ትናንት እንደጠላሁ ዛሬም እጠላለሁ። ይህንን ስለሚያውቁ ነው መሰለኝ፣ ባለፈው ሳምንት ከበረንዳዬ ሥር ቆመው ቅርጫቴን እንዳወርድልዎ በትሕትና የጠየቁኝ። አወረድኩ። የበዓል ዳቦ የላኩልኝ መስሎኝ ገመዱን ስስብ አቤቱታ ወጣ።

አቤቱታው የሚለው፣ በሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ሰፊው ትቶት የሄደውን ሱቅ ተከራይተው «የጎረቤት እጅ» በሚል ስም ምግብ የሚያበስሉት ወጣቶች የሰፈሩን ምግባር ስለሚያበላሹ፣ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ይውጡ ነው። እርስዎም በቃል አክለው፣ የእኔ ፊርማ ከላይ ከሰፈረ ሌላው ሰው ሳያነብ እንደሚፈርም ነገሩኝ። ለዚህ አመኔታ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሰው ያላነበበውን እንዳይፈርም ሲያስተምር ዕድሜውን የጨረሰ መምህር ከዚህ የበለጠ ሽልማት ከየት ያገኛል?

ወጣቶቹ የሚሠሩትን እርስዎ ስለማያውቁት ሳይሆን አንባቢ እንዲያውቀው ልጥቀስ። የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው። እኩለ ቀን ላይ ድስቱ ሲደርስ፣ ደረጃ መውረድ ያቃተን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከየበረንዳችን ቅርጫት በገመድ እናወርዳለን፤ እነሱ ይሞሉታል፣ እኛ እንስባለን። ገመድ መሳብ ላቃተው ደግሞ ምግቡንም፣ ውኃውንም፣ መድኃኒቱንም ተሸክመው ይወጡለታል። ባለቤቴ ሱዓድ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታለች። ገላዋ እንዳይቆስል ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ የእኔ ክንድ ብቻውን አይችላትም። ዱሃ የምትባለው ወጣት በየማለዳው ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ከእኔ ጋር ታገላብጣታለች፤ ሲሻትም ፀጉሯን ታበጥርላታለች። ቅዳሜ እነሱ ከወጡ እሑድ ጠዋት ሱዓድን ከእኔ ጋር የሚያነሣት ማን እንደሆነ አቤቱታው አይናገርም። ምናልባት ከጀርባው ተጽፎ ይሆን ብዬ ገልብጬ አየሁት፤ ባዶ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ማለቴ ምስጋናዎቼን፣ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ምስጢር በማግኘትዎ አመሰግንዎታለሁ። ልጆቹ ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች መሆናቸውን በጥብቅ ክትትል እንደደረሱበት ጽፈዋል። የደረሱበት ምስጢር ከሱቁ በር በላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ፣ መነጽር ለረሳ ሰው እንኳ በሚታይ ፊደል፣ እንዲህ ተብሎ ሰፍሯል፦ «ወንድ የምናፈቅር ወንዶች፣ ሴት የምናፈቅር ሴቶች፣ ጎረቤቶቻችሁ ነን። ምሳ ደርሷል፤ ቅርጫት አውርዱ።» የፊደሉ አጣጣል ጠማማ መሆኑን እኔም ሰሌዳው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ስቃወም ኖሬአለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ እርስዎና እኔ አንድ ነን፤ ሌላ ነጥብ ግን አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ። ለማስወጣት ከመነሣትዎ በፊት የማስታረቂያ ሐሳብ ይዘው ወደ ሱቁ ሄደው እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ምግቡ ይቀጥል፣ ውኃውም ይውጣ፣ ሰሌዳው ብቻ ይውረድ፣ ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው የለምና ዝም ብለው ያብስሉ አሉ። ድስቱን የሚያማስለው ያመን ማማሰያውን ሳያስቀምጥ የመለሰልዎትን ከበረንዳዬ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ሙኽታር፣ እጄን ተቀብለው ፊቴን ደጅ አያሳድሩትም።» እርስዎ ይህን ድፍረት ብለውታል። እኔ ግን እርስዎ ክፍል ውስጥ አንቀላፍተው ያለፉትን ትምህርት፣ እኔ ሳላስተምረው የተማረ ሰው በማየቴ ደስ ብሎኛል። እኔን ያስተማሩኝ ሸኽ፣ የምስጋና መጀመሪያው የሰጪውን ስም መጥራት ነው ይሉ ነበር። የሰውን ምግብ በልቶ ስሙን አልስማ ማለት ጨዋነት የሚባልበት መጽሐፍ ካለ በቶሎ ይላኩልኝ፤ ቅርጫቴ ዝግጁ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እኔ በተማርኩት ትምህርት ስሙ ወጪት ሰባሪነት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ተበላሸው ምግባር። ይህን ክስ በቀላሉ አላየሁትም፤ ብልሽቱን ለማግኘት ከበረንዳዬ ሆኜ በትጋት ፈልጌአለሁ። ደረጃው ላይ የዱባ ፍሬ ልጣጭ ይተፉ የነበሩ ጎረምሶች አሁን ደረጃውን ይጠርጋሉ። እርስዎ በየምርጫው ሰሞን እንደሚያስነሡት ቃል የሚገቡልን የማዕዘኑ የቆሻሻ ክምር፣ ምርጫ ሳይጠብቅ ተነሥቷል። ሽማግሌ ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። በመጨረሻ አንድ ብልሽት አገኘሁ፤ የሙጀደራው ምስርና ሩዝ ጨው አንሶታል። ይህንኑ በጽኑ ስቃወም፣ ያመን ለደም ግፊቴ ሐኪም ያዘዘው እንደሆነ አስረድቶኝ ሲያበቃ፣ ምላሴ ላይ ያለው ጨው ለሕንፃው ሁሉ ስለሚበቃ እንዳልሰጋ አከለበት። ይህን የመሰለ የአፍ ድፍረት በዘመኔ ያለ አርጩሜ አይታለፍም ነበር። ነገር ግን ሐቅ ስለሆነ ዋጥኩት፤ ሙጀደራውንም ጨምሬ።

አራተኛ፣ መኖራቸውን እንታገሣለን፣ ከእኛ እኩል ነን ሲሉ ግን አንሰማም ብለዋል። እውነትዎን ነው፤ እኩል አይደላችሁም። ሆኖም ተስፋ አይቁረጡ። በሁለቱም እጅዎ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይዘው ስድስተኛ ፎቅ በወጡና ለባለቤቴ አንዲት ብርጭቆ በቀዱላት ቀን፣ እኩልነትዎን በፊርማዬ አረጋግጥልዎታለሁ።

አምስተኛ፣ ወደ ሐሙሱ ልመለስ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ክብርት እናትዎ ሐጃ በድርየ ከፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ፣ ምሳቸውም በወጣቶቹ ትንሽ ድስት ሆኖ በቅርጫት እንደሚወጣላቸው ምናልባት ሰምተው ይሆናል። ሐጃ እንዳደጉበት ልማድ ከጎረቤት የመጣን ዕቃ ባዶውን መልሰው አያውቁም። ሎሚ ሲኖራቸው ሎሚ፣ የተቀመመ ቀይ ሥር ሲኖራቸው ቀይ ሥር፤ ቤቱ ውስጥ ምንም ባልነበረ ቀን ደግሞ በረንዳቸው ላይ ከተከሉት ናና አንዲት ዘለላ ቀንጥበው ድስቱ ውስጥ አኑረው አውርደዋል። ያመንም ያችን ዘለላ ጆሮው ላይ ሰክቶ ቀኑን ሁሉ ሲያበስል ዋለ፤ ሐጃም ከላይ ሆነው ሲያዩት ልጅ ወልጄ ልጄን ያየሁት ዛሬ ነው እያሉ ሳቁ። ይህንን አባባል እንዲደርስዎ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ ከደረሰዎ ግን አልቆጭም።

ሐሙስ ዕለት እርስዎ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጡ። እናትዎ ለበዓሉ የጋገሩትን መዓሙል፣ ያን በቴምር የተሞላ ኩኪስ፣ በወጣቶቹ ድስት ውስጥ ደርድረው ሊያወርዱ ሲሉ ከእጃቸው ነጥቀው ጠረጴዛ ላይ ደፉት። ከዚያም በረንዳ ላይ ወጥተው፣ መንገዱ በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ የነእማኒ ቤት ከእንግዲህ ከእንዲህ ያሉ ሰዎች እንደማይቀበል አውጀው፣ ባዶውን ድስት በቅርጫት አወረዱት። ጭብጨባ ጠብቀው እንደነበር ከአቋቋምዎ ተረድቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ መንገዱ ጸጥ ያለው በንግግርዎ ተማርኮ አልነበረም። ከበረንዳ በረንዳ ሁሉም አንገቱን አስግጎ የሚያየው ድስቱን ነበር። ከዳቦ መጋገሪያው በላይ የሚኖሩት ሴት ጉንጫቸውን ይዘው ለጎረቤታቸው ያሉትን የሰፈር ልጅ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፦ «ውይ በሞትኩት፣ የነእማኒ ቤት ባዶ ድስት መለሰ!» ሰዉ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲሰበሰብ ማን ማንን እንደሚያፈቅር ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። መነጋገሪያው ሙኽታሩ ከስሮ እንደሆነ፣ እናቲቱ በበዓል ሰሞን ጓዳቸው ባዶ ሆኖ ሳሉ ዝም መባሉ ደግ እንዳልሆነ ነበር። ሲመሽም ከእናትዎ ደጅ ምስር ያስቀመጠ አለ፤ ዘይት ያስቀመጠ አለ። ባለፈው ምርጫ የተፎካከሩዎት ሰውዬ አንድ ከረጢት ስኳር በልጃቸው አስይዘው እንደላኩ ስነግርዎ ልቤ እየደማ ነው። አባትዎ በሕይወት ዘመናቸው ለሌላው ይመጸውቱ እንጂ ለቤታቸው ምጽዋት ገብቶ አያውቅም ነበር። ይህንን ታሪክ በአንድ ቅርጫት መለወጥ የቻለ መሪ በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም።

ያመንስ ምን አደረገ? ድስቱን ከቅርጫቱ አንሥቶ ውስጡን አየ። ወደ ሱቁ ገብቶ ሐጃ የሚወዱትን ሙሉኺያ፣ ያን የአረንጓዴ ቅጠል ወጥ፣ ሞላበት፤ ሎሚ እንደሚወዱት አብዝቶ ጨመቀበት፤ ቅርጫቱ ውስጥ መልሶ አኖረና ገመዱን እንደ ወትሮው ነቀነቀ። እርስዎ ገመዱን ይዘው ቀሩ። ከኋላዎ የመጣ እጅ ነው ተቀብሎዎት የሳበው፤ የማን እጅ እንደነበረ እርስዎ ከእኔ ይልቅ በቅርብ አይተውታል።

ስለዚህ አልፈርምም። አቤቱታዎን ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ሱዓድ ባዶ ቅርጫት ከቤቷ እንዲወጣ ስለማትፈቅድም፣ ዱሃ ደግፋት በአልጋዋ ላይ ሆና የሞላቻቸው ጥቂት መዓሙሎች ከላዩ ተቀምጠዋል፤ ሲበሏቸው የማን እጅ እንደነካቸው አይርሱ። ቅዳሜ ልጆቹን ሊያስወጡ ሲመጡ ደግሞ እኔን ከበሩ ፊት፣ ከጠማማው ሰሌዳ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል። እንዴት ወረደ ብለው እንዳይጨነቁ፤ ስድስቱን ፎቅ ያመንና ጓደኞቹ ከነወንበሬ ተሸክመው ሊያወርዱኝ ቃል ገብተውልኛል። ሲያወርዱኝ ያዩ ሰዎች ማን እንደተሸከመኝ ቢጠይቁኝ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ድምፄ እስከ ሙኽታር ቢሮ እንደሚደርስ ከተማሪነትዎ ዘመን ያውቁታል።

ለደረጃዎ በሚገባው ክብር ሁሉ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ ዕረፍትን፣ ለጉልበትዎም ጥቂት ሥራን እየተመኘሁ፣ የቀድሞ መምህርዎና የዛሬ ታዛዥዎ፣ ታዛዥነቴም በዚህ ደብዳቤ ላይ እንደሚታየው የሆነ፣

ሙኒፍ ዳዑቅ
ከጎረቤት እጅ በላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ከመላኬ በፊት እናትዎ በረንዳቸው ላይ ወጥተው ጠሩኝ። ከሐሙስ ወዲህ ሰው ሳያይዎት በሌሊት ወጥተው ደጃቸውን ቢያንኳኩ እንዳልከፈቱልዎ፣ ምክንያቱንም እንዳልነገሩዎት አጫወቱኝ። ለእርስዎ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራቸው አንድ መልእክት እንዳኖርላቸው ለመኑኝ። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «ኡስታዝ፣ ለዚያ ልጄ ይጻፉለት። ባዶ ያወረደውን ድስት ሞልቶ፣ በገመድ ሳይሆን በእግሩ ይዞላቸው ይውረድ። ሲሰጣቸውም ስሙን ከነአባቱ ይንገራቸው፤ እነሱ ስማቸውን አልደበቁኝም።»