ዓይኑን በሻሽ አስሬ ያስመረጥኩት

ሆሳዕና፣ ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣
ዱራሜ

እንዴት ነሽ የእናቴ ልጅ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ላሚቱስ ወለደች? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ከሌሞ ገጠር ተነስቶ እኛ ቤት ያደረ ይመስላል። በዚህችው ሚኒባስ ቡላ ልኬልሻለሁ፤ ለጎረቤት ሳታካፍዪ ራስሽ ብዪው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ባሌ ጠና ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ደዋይዋ አንቺ ስትሆኚማ ጆሮው ይረዝማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ የድሮዎቹን የመዘምራን ካሴቶቻችንን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከተታቸው። እሰየው አልኩ። ከዚያ ጆሮ ማዳመጫውን ሲሰካ ሽሽሽ ይልብኛል፣ ድምፁ ጭጋግ ለብሷል እያለ እንቅልፍ አጣ። ገበያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ሰይፈሥላሴ መድኃኒቱ ዳክ ነው አለው። ኮምፒውተሩ መዝሙሩን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው አሉ፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው የውስጥ ዕቃው ተራ ስለሆነ ነው የሚያንሾካሹከው። ዳክ የሚሏት ሳጥን ግን በዩኤስቢ ገመድ ትሰካና ያንኑ ሥራ ውጭ ሆና ትሠራለች። ሁለት ሰጠን፤ ሞክሩና አንዷን መልሱልኝ አለ። አንዷ ጥቁር፣ ክብሪት የምታህል። ሌላዋ ነጭ ብረት፣ እንደ ሳሙና የከበደች።

እኔን ለብቻዬ መከረኝ። እትዬ፣ የጋሼን ዓይን ይሸፍኑና እርስዎ እየቀያየሩ ያሰሟቸው፤ መልኳን ካዩ ነጯን ነው የሚመርጡት አለኝ። የሳጥኖቹንም ድምፅ እኩል ያድርጉ፤ ጮክ ያለ ሁሉ የተሻለ ይመስላል አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዓይኑን በሻሼ አሰርኩት። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ መስሎ ቁጭ ሲል ሳቄ መጣ። የትኛውን መዝሙር ልክፈትልህ? ስለው፣ ሳያስብ፣ ያንን እህትሽ ብቻዋን የምትዘምረውን አለኝ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

በጥቁሯ አሰማሁት። ይኼ ነው፣ ትንፋሿ እንኳ ይሰማል አለ። በነጯ አሰማሁት። ይኼ ይበልጣል፣ ይኼ ነው አለ። ወደ ጥቁሯ መለስኩት። ይኼ ነው! አለ። አንተ ሰውዬ፣ ሁሉም ናቸው እንዴ? ብለው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሰኪ አለኝ።

ያኔ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። እኔ የምመራውን መዝሙር፣ ያውም በነጯ፣ ለኔ ጆሮ ጥርት ባለችዋ፣ ከፈትኩለት። ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ነገር ይጎድላታል፣ ይህቺን መልሺያት አለኝ። ገመዱን ሳልነካ፣ በዚያችው በነጯ፣ አንቺን ከፈትኩ። ይኸው፣ አሁን ገና ቀየርሽ አለኝ። ሻሼን ስፈታው ረጥቦ ነበር።

የኔ እህት፣ እኔ ሞኟ የሳጥን ነገር መስሎኝ!

ደግ ሰው ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ስምሽንም ያለ ቦታው ጠርቶ አያውቅም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ተሳዳቢ ቢሆን እሰድበው ነበር። የእሱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ቤታችን የመጡ ቀን አንቺ ውሃ ወርደሽ ነበር፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። አባባ ታላቋ ቁጭ ብላ ታናሿን አልድርም ሲሏቸው ተያዩ። ከዚያ አንደኛው እሺ፣ ተማክረን እንመለሳለን አለ። ተመለሱም። አንቺም ያን ሰሞን ከመዘምራን ለምን እንደወጣሽ አልጠየቅኩሽም፤ ዛሬም አልጠይቅሽም።

ጥቁሯን አስቀረሁና ነጯን መለስኩ። ሰይፈሥላሴ ጥሩዋን መለሱልኝ ብሎ ደነቀው። ጠና ሲጠይቀኝ አንተው የመረጥካት ናት አልኩት። አልዋሸሁም፤ ሁለቱንም መርጧል።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ካሴቱ ላይ የሌለውን የትኛዋም ሳጥን አታመጣም ብሎታል። ስለዚህ ለገና ስትመጪ እዚህ ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ዘምሪልን ሊልሽ ነው። ይደውልልሻል። እምቢ አትበይው፣ ሆዱ ይብሰዋል። ጉሮሮዬን አሞኛል በይው። ለምኜሻለሁ የእናቴ ልጅ፣ እግርሽ ሥር ነኝ።

ጌታ ቤትሽን ይባርክ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ከብትሽን ያርባልሽ። ጉሮሮሽን ብቻ ገና እስኪያልፍ ብርድ ይምታልሽ፤ ከዚያ ማር ልኬ አድንሻለሁ።

የምትወድሽ፣ እውነቴን ነው የምትወድሽ፣
ታላቅ እህትሽ