መረብ በመረብ ላይ፦ የቋጠሮ የሕይወት ታሪክ

ቋጠሮን የነጠቀን የልብ ሕመም ታናሽ ወንድማቸውንም ይዞት ይሆን? ሴት አያታቸው ይህን ጽሑፍ ሲጀምሩ እጃቸውን የያዛቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ “ቋጠሮ” እያለ የሚጠራቸው ሴት ተመራማሪ፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከሾፌር አባታቸው ሰኔ 4 ቀን 1979 ዓ.ም. ተወለዱ። ስሙን ያወጡላቸው አያታቸው ናቸው፤ በሕፃንነታቸው የእናታቸውን ክር ከወንበር ወንበር እየቋጠሩ ቤቱን መተላለፊያ ያሳጡት ነበር። በ1988 ዓ.ም. እናታቸው ስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። አባታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ልጆች፣ ሲተኙ ትንፋሻቸውን እያዳመጡ ያሳደጉ አያታቸው ናቸው።

ቋጠሮ በ2001 ዓ.ም. በሒሳብ ተመረቁ። ቀጥለውም በኮምፒውተር የሕያዋንን መረብ ማነጻጸር ተምረው ዶክተር ሆኑ። ለአያታቸው ሲያስረዱ፣ በሕዋስ ውስጥ ከፕሮቲኖች ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚያሳይ መረብ አለ ይሉ ነበር። የአይጥ ልብ መረብ በሰው ልብ መረብ ላይ ሲደረብ፣ መልካቸው ባይመሳሰልም በተመሳሳይ ጎረቤቶች መካከል የተቀመጡ ፕሮቲኖች ሥራቸው ይቀራረባል። አያታቸው እኔን ከአይጥ ጋር ልታስተያዪኝ ነው ወይ ብለው ቢቆጡ፣ አይጧ ትቀየማለች እንጂ አንቺ ምን ትሆኛለሽ ብለው አሳቋቸው።

በ2009 ዓ.ም. ፕሮግራማቸው የእናታቸውን ዓይነት ሕመም መንስኤ አንድ ዝነኛ ፕሮቲን ላይ ጣለው። ባልደረቦቻቸው ደስ አላቸው፤ ቋጠሮን ግን ነገሩ ከነከናቸው። ያ ፕሮቲን ጎረቤቱ የበዛው ሁሉም እሱን ሲያጠና ስለኖረ እንጂ ሥራው በዝቶ አልነበረም። ይህስ ለአያታቸውም ገብቷቸዋል፤ ለባለጸጋ ዘመዱ ብዙ ነው። ቋጠሮ ስሕተቱን ራሳቸው በስብሰባ ተናገሩ፤ ዝናን ከሚዛኑ አውጥተው እንደገና ጀመሩ። ከዓመታት በኋላም መረቡ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን አንድ ትንሽ ፕሮቲን አወጣ። በዘር የሚተላለፈው የእሱ ብልሽት በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ቀድሞ ለደረሰበትም መድኃኒት አለው።

መጀመሪያ የተመረመረው የራሳቸው የቋጠሮ ደም ነበር። ተገኘባቸው። ልባቸው ግን ደክሞ ነበር፤ መድኃኒቱ አልደረሰም።

ትዳር አልያዙም፤ አያታቸው በዚህ ሲነዘንዟቸው መረቤ ይበቃኛል ይሉ ነበር። ያላቸው አንድ ወንድም ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ የሰው ቤት ገመድ ሲፈትሽ እየዋለ የራሱን ደም ከማስፈተሽ ሸሽቶ ኖረ። ባላውቀው ይሻላል ባይ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ቋጠሮ ከአልጋቸው ሆነው እጁን ይዘው፣ “ጠዋት ለደም ምርመራው ሂድ፣ ምንም ሳትቀምስ። የደከምኩት ለአንተ ነው፤ ለአይጧማ አይደለም” አሉት። ሳቀ። አልሄደም።

ቋጠሮ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አያታቸው ትንፋሻቸውን እያዳመጡ አረፉ። አያታቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። የደከመች ልባቸውን ፈጣሪ ድካም በማያውቀው ቦታ ያሳርፍልን፤ የቀረውንም ልጅ ይጠብቅልን።

ዛሬ ማለዳ፣ ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ቀናቱን እንዲያርም ለወንድማቸው ተነበበለት። አንድም አላረመም። የቀረበለትን ቁርስ ሳይነካ ገፋ አደረገ፣ ጫማውን አሰረ፣ ከቤት ወጣ።